ቃላትም ይሰደዳሉ

አሁን በእጃችሁ የያዛችሁትን ነገር እኛ «መጽሔት» እንለዋለን። እንግሊዞች ደግሞ «ማጋዚን» ይሉታል። ይህ «ማጋዚን» የሚባለው ቃል ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው መነሻውን የሚያገኘው ለንደን ውስጥ ሳይሆን በዐረብ ነጋዴዎች ግቢ ውስጥ ነው። በዐረብኛ «ኸዘነ» ማለት አከማቸ፣ አስቀመጠ ማለት ሲሆን፣ ዕቃ የሚከማችበት ቤት «መኽዘን»፣ ሲበዛም «መኻዚን» ይባላል። በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ከሙስሊሞች ጋር ይነግዱ የነበሩ ጣልያኖች ቃሉን «ማጋዚኖ» ብለው ወሰዱት። ፈረንሳዮች ከእነርሱ ተቀብለው ዛሬ ሱቅን «ማጋዛን» ይሉበታል። እንግሊዞች ዘንድ ሲደርስ የዕቃ፣ በተለይም የባሩድና የጥይት ማከማቻ ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1731 ኤድዋርድ ኬቭ የሚባል የለንደን አታሚ ከየጋዜጣው የተለቃቀመ ጽሑፍ የያዘ ወርኃዊ ኅትመት ሲያወጣ «ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን» ብሎ ሰየመው። የጽሑፍ መጋዘን ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ እየተስፋፋ ለመጽሔት ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

«መጋዘን» አልኩ እንጂ! የእኛው መጋዘን ራሱ የዚያው ቃል ልጅ ነው። ገንዘብ የምንቆልፍበት «ካዝና» ደግሞ ከዚያው «ኸዘነ» የተወለደ ወንድሙ ነው። የሚገርመው እንግሊዞች የጠመንጃን ጥይት መያዣ «ማጋዚን» ሲሉ፣ የእኛ ሰዎች ያንኑ ዕቃ «ካዝና» ይሉታል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ለአንድ ዕቃ ከአንድ የዐረብኛ ሥር የተገኘ ስም ሰጡት።

ይህን ርእስ እንዳነሣ ያደረገኝ አንድ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የረመዳን የትምህርት መርሐ ግብር ላይ ስለ አስካሪ መጠጥ ጎጂነት ንግግር እንዳደርግ ተጋብዤ ነበር። በንግግሬ መካከል «አልኮል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከቁርኣን የተወሰደ ነው» ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። በሱረቱ አስ-ሷፍፋት አንቀጽ 47 ላይ የጀነት መጠጥ «ገውል» የሌለበት፣ ማለትም አእምሮን የሚነጥቅ ጉዳት የሌለበት መሆኑ ተገልጿል። «አል-ገውል»ን ፈረንጆች ወስደው «አልኮሆል» አሉት ብዬ አስረዳሁ። ይህን ከአንድ ታላቅ ወንድም ሰምቼው ነበር እንጂ አላጣራሁትም። ሰዉ ተክቢራ አሰማ። እኔም ደስ አለኝ።

በማግሥቱ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወፍራም መዝገበ ቃላት ታቅፋ መጣችና፣ በአክብሮት ራቅ ብላ ቆማ፣ «ኡስታዝ፣ እዚህ ላይ ያገኘሁት ሌላ ነው፤ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆን?» አለችኝ። አልተሳሳተችም ነበር። መዝገበ ቃላቱ «አል-ኩሕል» ይላል። «ኩሕል» ሴቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉበት፣ በግዕዝ «ኵሕል»፣ በአማርኛ «ኩል» የምንለው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኩል የሚዘጋጀው ማዕድኑ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ እንደ ጢስ የደቀቀ ዱቄት ሲሆን ነው። የዐረብኛ የኬሚያ መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመለሱ አውሮፓውያን ማንኛውንም እጅግ የደቀቀ፣ የተጣራ ዱቄት «አልኮሆል» ማለት ጀመሩ። ቀጥሎም የአንድ ነገር የተጣራ ጭማቂ ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ። በ16ኛው መቶ ዓመት ፓራሴልሰስ የሚባለው ሐኪም ከወይን ተነጥሮ የሚወጣውን ፈሳሽ «የወይን አልኮሆል» አለው። በኋላ «የወይን» የሚለው ቀረና አልኮሆል ብቻውን የአስካሪው ፈሳሽ ስም ሆኖ ቀረ። እነሆ፣ በዓይን ላይ የሚዋለው ንጹሑ ኩል ስሙን ለጠርሙስ አበደረ ማለት ነው። የቁርኣኑ «ገውል» በዚህ ጉዞ ውስጥ የለበትም።

ይህን ስረዳ በዚያው መድረክ ላይ ተመልሼ መታረም ነበረብኝና ታረምኩ። ከአድማጮቹ አንዳንዶቹ ግን ቅር አላቸው። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ አባት ወደ ጎን ስበው፣ «ልጄ፣ ለዲን የሚጠቅም ነገር ተናግረህ ሳለ ስለምን ራስህ ታፈርሰዋለህ?» አሉኝ። መልስ ለመስጠት ተቸገርኩ። እስከ ዛሬም ጥያቄያቸው ይመላለስብኛል። በእውነቱ ግን ዲናችን የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ድጋፍ የሚያስፈልገው ደካማ ነገር ነውን? ሐዲስን ለማጣራት የእያንዳንዱን ዘጋቢ ስም፣ አገር፣ ዕድሜና ታማኝነት ሲመረምሩ የኖሩ ዑለማእ ልጆች ነን የምንል ሰዎች፣ ስለ አንድ ቃል ሲሆን ያለ ኢስናድ የሰማነውን ማውራት እንዴት ይፈቀድልናል? ቃልም ኢስናድ አለው። ከየት ተነሣ፣ በማን በኩል አለፈ፣ በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ወደብ ደረሰ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

ይህን ማጣሪያ ሳይዙ የሚሄዱ ወንድሞች ዛሬም አሉ። «ኧርዝ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ከ«አርድ» ነው ይላሉ። ድምፁ ሲሰማ ይመስላል። ነገር ግን ጀርመኖች «ኤርደ»፣ ሆላንዶች «አርደ» ይላሉ። እነዚህ ሕዝቦች ከዐረብ ጋር ሳይተዋወቁ በፊት አብረው የወረሱት ጥንታዊ ቃል ነው። እንዲሁም የቡናው ፍሬ «ቢን» መባሉን ከዐረብኛው «ቡን» ጋር የሚያያይዙ አሉ። «ቢን» ግን እንግሊዞች ቡናን ሳያዩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ባቄላን የሚጠሩበት ቃል ነው። መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም።

ይህን ያህል ካልኩ ዘንድ፣ በኢስናድ የተረጋገጠው ብቻ ምን ያህል የበዛ መሆኑን ላሳይ። ውሸት መጨመር የማያስፈልገን ለዚህ ነውና።

በ9ኛው መቶ ዓመት መባቻ በባግዳድ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (ከ198 እስከ 218 ዓመተ ሂጅራ) ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የሚባል ሊቅ ነበር። በበይተል ሒክማ ይሠራ ነበር። ስለ «አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ» ስሌት አንድ መጽሐፍ ጻፈ። «ጀብር» በዐረብኛ የተሰበረን መጠገን፣ የተጎደለን መሙላት ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲያቃና የሚሠራው ሥራ ጀብር ይባላል። በሒሳብ ደግሞ ከእኩልታው በአንደኛው ጎን ተቀንሶ የጎደለውን ነገር በሁለቱም በኩል ጨምሮ መሙላት ማለት ሆነ። «ሙቃበላ» በሁለቱም ጎን ያለውን ተመሳሳይ ነገር ፊት ለፊት አቀናጅቶ ማጣፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1145 የቼስተሩ ሮበርት የተባለ እንግሊዛዊ በስፔን፣ በሴጎቪያ ከተማ መጽሐፉን ወደ ላቲን መለሰው። ለ«ጀብር» የሚሆን የላቲን ቃል ከማበጀት ይልቅ እንዳለ «አልጀብራ» ብሎ ተወው። ዛሬ የእኛም ተማሪዎች «አልጀብራ» እያሉ የሚፈሩት ይኸው ነው። በስፔን አገር ደግሞ ወጌሻው ራሱ «አልሄብሪስታ» ይባል ነበር። በ1615 የታተመው የዶን ኪኾቴ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የአንዱን ሰው ስብራት የሚያክመው በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ነው።

ሙስሊም አንባቢ ይህን ቃል ከሒሳብ ክፍል በፊት ያውቀዋል። በሁለቱ ሱጁዶች መካከል ቁጭ ስንል ከምንላቸው ዱዓዎች ውስጥ «ወጅቡርኒ» የሚል አለ። ስብራቴን ጠግንልኝ፣ ጉድለቴን ሙላልኝ ማለት ነው። ከአላህ ስሞች «አል-ጀባር» የሚለውን ከተረጎሙባቸው መንገዶችም አንዱ የተሰበረውን የሚጠግን የሚል ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። አል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፉን የጻፈው ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በክፍፍል፣ በክርክርና በንግዳቸው የሚያስፈልጋቸውን ስሌት ለማቅለል እንደሆነ ራሱ በመግቢያው ገልጿል። የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ስለ ኑዛዜና ውርስ ነው። ለሚስት ስምንተኛውን፣ ለእናት ስድስተኛውን፣ ለተናዘዘለት ሰው ይህን ያህል ሲባል ቀሪው እንዴት ይከፈላል የሚለው የፈራኢድ ጥያቄ ነው አልጀብራን የገፋው። «ዓለማዊ ትምህርት» እና «የዲን ትምህርት» እያልን በግንብ የለየናቸው ነገሮች በእርሱ ገበታ ላይ አንድ ነበሩ። የራሱ ስም ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠመው። ስለ ሕንድ ቁጥሮች የጻፈው መጽሐፍ በላቲን «አልጎሪዝሚ እንዲህ አለ» በሚል መክፈቻ ይጀምር ስለነበር፣ አውሮፓውያን በእነዚያ ቁጥሮች ማስላትን «አልጎሪዝም» አሉት። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚመራበት የሥራ ቅደም ተከተል ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። የኸዋሪዝም አገር ሰው መሆኑን የሚገልጽ ቅጥያ ስም እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ከቁጥሮቹ ጋር ዜሮም አብሮ ሄዷል። ሕንዶች «ሹንያ»፣ ባዶ ይሉት የነበረውን ዐረቦች «ሲፍር» ብለው ተረጎሙት። በልጅነቱ ከነጋዴ አባቱ ጋር በዛሬዋ አልጄሪያ በምትገኘው በቢጃያ ወደብ ከሙስሊሞች ሒሳብ የተማረው የፒሳው ሊዮናርዶ፣ ፊቦናቺ የሚባለው፣ በ1202 በጻፈው መጽሐፍ «ዘፊሩም» አለው። ከዚያ በጣልያን አፍ «ዜሮ» ሆነ። ያው «ሲፍር» በሌላ መንገድ ሄዶ በእንግሊዝኛ «ሳይፈር» ሆነ። የምስጢር ጽሑፍም በዚያ ይጠራል። አዲሶቹ ቁጥሮች ለብዙ ሰው እንደ ምስጢር ነበሩና። ቃሉን በሐዲስም እናገኘዋለን። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ዘገባ፣ አላህ ባሪያው እጆቹን ወደ እርሱ ዘርግቶ ሲለምን «ሲፍር» አድርጎ፣ ማለትም ባዷቸውን ሊመልሳቸው ያፍራል ተብሏል።

አንድ ሌላ ቃል ግን ከሁሉም በላይ ያስደንቀኛል። «ሶፋ» ነው። በየሀብታሙ ሳሎን የተዘረጋው ሶፋ የመጣው ከ«ሱፍፋ» ነው። ሱፍፋ ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ፣ ወይም ጥላ ያለው መደብ ነው። ቱርኮች ምንጣፍና ትራስ የተነጠፈበትን መደብ «ሶፋ» አሉት፣ አውሮፓውያንም ከእነርሱ ወሰዱት። በመዲና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ ግን ሱፍፋ ማለት ቤትም ዘመድም ያልነበራቸው ድኻ ሙሃጂሮች የሚጠለሉበት ጥላ ነበር። አህሉ ሱፍፋ ይባላሉ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን ረኀብ ጠንቶባቸው በመንገድ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸውን አይተው ችግራቸውን ተረዱ። ቤት ውስጥ በስጦታ የመጣ አንድ ዋንጫ ወተት ነበር። የሱፍፋን ሰዎች ሁሉ ጥራቸው ብለው አዘዟቸው። አቡ ሁረይራ ወተቱ ለእኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት እያሉ ሄደው ጠሯቸው። ሁሉም በየተራ ጠጥተው ጠገቡ። ከዚያም አቡ ሁረይራ እስኪበቃቸው ጠጡ፣ በመጨረሻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተረፈውን ጠጡ። እንግዲህ በሶፋችን ላይ ተደላድለን ስንቀመጥ የምንጠራው ስም የእነዚያ ሰዎች ነው።

የንግዱን ዓለም ቃላት በአጭሩ ልለፋቸው። ታክሲ ላይ በየቀኑ የምንጨቃጨቅበት «ታሪፍ» ከዐረብኛው «ተዕሪፍ»፣ ማሳወቅ ከሚለው ነው። በስፔን ታሪፋ ከምትባል ከተማ መጣ የሚሉ አሉ፣ ተረት ነው። ሥሩ «ዐረፈ»፣ ዐወቀ ሲሆን፣ በሱረቱ አል-ሑጁራት አንቀጽ 13 ሰዎች ሕዝቦችና ነገዶች የተደረጉበት ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው እርስ በርስ መተዋወቅም ከዚሁ ሥር ነው። «አድሚራል» ከ«አሚር» ነው። በሲሲሊ ኖርማኖች ደሴቲቱን ከሙስሊሞች ከወሰዱ በኋላ ማዕረጉን አስቀርተው ለመርከብ አዛዦቻቸው ሰጡት። «አቨሬጅ» የሚለው፣ ተማሪ ሁሉ የሰኔን ወር በጭንቀት የሚጠብቅበት ቃል፣ «ዐዋር» ከሚለው፣ የተበላሸ ዕቃ፣ ጉድለት ማለት ከሆነው ነው። መርከብ ላይ ያለ ዕቃ ከፊሉ ሲበላሽ ወይም ወደ ባሕር ሲጣል ኪሳራው ለባለ ዕቃዎቹ እንደየድርሻቸው ይከፋፈል ስለነበር፣ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ አማካይ ዞረ። የዚህ «ዐዋር» ሥር የእኛን «ዕውር» ከወለደው ሥር ጋር አንድ ነው።

የባንኩ «ቼክ» ግን ያከራክራል። ብዙ ወንድሞች ከ«ሰክ»፣ ከሙስሊም ነጋዴዎች የክፍያ ሰነድ መጣ ይላሉ። ሰክ በእርግጥ ነበረ። በ10ኛው መቶ ዓመት የተጓዘው ኢብኑ ሐውቀል በሰሐራ ደቡባዊ ጠርዝ፣ በአውደጉስት ከተማ 42,000 ዲናር የተጻፈበት ሰክ ማየቱን መዝግቧል። የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ግን ቃሉን ወደ ሰንጠረዥ ጨዋታ፣ ንጉሡ ተከበበ ከሚለው የፋርስ «ሻህ» ይመልሰዋል። እርሱም በዐረቦች በኩል ነው ያለፈው። ስለዚህ ሥራው የሰክ ሊመስል ይችላል፣ ስሙ ግን የሻህ ነው። እኔ ማስረጃው ወዳለበት አደላለሁ።

ቡናን ሳላነሣ ባልፍ አገሬው ይቀየመኛል። «ኮፊ» ከካፋ ነው የሚለውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል፣ ደስ የሚልም ነው። ተክሉ የእኛው ምድር ተክል መሆኑ አያጠራጥርም። ቃሉ ግን የሄደበት መንገድ የሚታወቅ ነው። ዐረብኛው «ቀህዋ»፣ ቱርክኛው «ካህቬ»፣ ከዚያም ጣልያንኛና ሆላንድኛ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። «ቀህዋ» ቡና ከመታወቁ በፊት የወይን ጠጅ ስም ሆኖ በዐረብኛ ያገለግል ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት የየመን ሱፊዮች ሌሊቱን በዚክር ለማሳለፍ የሚጠጡትን በዚያ ስም ጠሩት። ስሙም ሳይሆን አይቀርም ጠላት ያፈራበት። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካው ሹም ኻኢር ቤግ ዑለማእን ሰብስቦ ቡናን ከለከለ፣ ከካይሮ ግን ክልከላው እንዲላላ ታዘዘ። ለንደን የመጀመሪያውን ቡና ቤት ያየችው በ1652 ነው። «ቡና» የሚለውን ቃል ዐረቦች «ቡን» ብለው ለፍሬው ይጠቀሙበታል። የወሎ አባቶች በቡና ዱዓ ሲያደርጉ የየመኖቹን ልማድ እየሠሩ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ስኳርም እንዲሁ ነው። ሕንዶች «ሸርከራ»፣ ፋርሶች «ሸከር»፣ ዐረቦች «ሱከር»፣ ጣልያኖች «ዙኬሮ»፣ እንግሊዞች «ሹገር»። የብርቱካን ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ዐረቦች ከምሥራቅ የወሰዱትን «ናረንጅ» ለስፔን ሰጡ፣ እንግሊዝ ሲደርስ «ኦሬንጅ» ሆነ። ኋላ ፖርቱጋሎች ጣፋጩን ዓይነት ሲያመጡ ዐረቦች በእነርሱ አገር ስም «ቡርቱቃል» አሉት። የእኛ ብርቱካንም ከዚያ ነው፤ በየጉሊቱ የአንድ የአውሮፓ አገር ስም እንጠራለን።

ታዲያ ዐረብኛ ሰጪ ብቻ ነበርን? በፍጹም። በዚህ ላይ ቀደምት ዑለማእ ከእኛ ይልቅ ነጻ ሆነው ተነጋግረዋል። በቁርኣን ውስጥ ከሌላ ቋንቋ የመጡ ቃላት አሉ ወይስ የሉም ተባብለዋል። ኢማም ሻፊዒይ (204 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) የሉም ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። ከሶሐቦችና ከታቢዒዮች ግን «ይህ በሐበሻ ቋንቋ ነው» ተብለው የተዘገቡ ቃላት አሉ። በሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 35 ያለው «ሚሽካት» አንዱ ነው፤ የግዕዙ «መስኮት»። አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ኢብኑ ሰላም (224 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ሁለቱንም ወገን አስታረቁ። ቃላቱ በመነሻቸው የባዕድ ናቸው፣ ዐረቦች ግን ወስደው በአንደበታቸው ለውጠው ዐረብኛ አደረጓቸው፣ ቁርኣንም የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዐረብኛ ናቸው ያለም፣ ባዕድ ናቸው ያለም እውነት ተናግሯል አሉ። ሱዩጢ (911 ዓመተ ሂጅራ) በኋላ እነዚህን ቃላት በየቋንቋቸው ለይተው መጽሐፍ ጻፉባቸው። ያ የአቡ ዑበይድ ፍርድ ለ«ሹገር»ም ለ«አልጀብራ»ም የሚሠራ ይመስለኛል። ዛሬ እንግሊዝኛ ናቸው፣ መነሻቸውም አይካድም።

ያን ቅር ያላቸውን አባት ዛሬ ባገኛቸው በአልኮል ፈንታ የዑሙ ኻሊድን ታሪክ እነግራቸው ነበር። አባቷ ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐቦች አንዱ ናቸው፤ እርሷም የተወለደችው በዚሁ በእኛ ምድር ነው። ወደ መዲና ስትመለስ ገና ልጅ ነበረች። ቡኻሪ እንደዘገቡት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለበት ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣላቸው። ዑሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ። ልጅቱን ተሸክመው አመጧት። በእጃቸው አለበሷት፣ ልብሱን ለብሰሽ አሳልፊው ብለው ዱዓ አደረጉላት። ከዚያም ወደ ጥለቱ እያመለከቱ፣ ያደገችበትን የሐበሻ ቋንቋ መርጠው፣ «ሰናህ» አሏት፤ ያምራል ማለታቸው ነው፣ የግዕዙን «ሠናይ» ያስታውሰናል። ያ ልብስ ከእርሷ ጋር ረጅም ዘመን እንደቆየ ዘገባው ይናገራል።